አባቴ የመረቀው ምስል

ሰው ስለ ኢንተርኔት አማራጭ ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። የእኛን ጊዜ የማያውቅ ወጣት «ታዲያ ለምን ወደ ሌላ አልቀየራችሁም?» ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ወደ ምን እንቀይር? በዚያ መንግሥት ጊዜ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያለ ሰው የሚለምነው ያው አንድ ቴሌ የሚሉት መሥሪያ ቤት ነበር። አማራጩ ጠዋት ሄዶ መለመን ወይም ከሰዓት ሄዶ መለመን ነው። ጠዋት «ሲስተም የለም» ይሉሃል፤ ከሰዓት ሲስተሙ ሲመጣ ሰውየው ስብሰባ ሄዷል።

ወልቂጤ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። የጅማ መንገድ ዳር ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ጎኑ ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የምታህል ዶንግልም ነበረችኝ። ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት አለች። ሰማያዊ ከሆነች መስመር አለ፣ ቀይ ከሆነች የለም። ዝናብ ሲመጣ ቀይ ነች፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ቀይ ነች፣ አከራዬ የቆርቆሮውን በር ሲወረውሩት እንኳ ቀይ የምትሆን ይመስለኝ ነበር። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሽንኩርት ልጬ፣ ከትፌ፣ ጥጄ እመለሳለሁ። አልዋሽም፣ ደስታም ነበረው። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወርዶ ወርዶ ሲያልቅ፣ ከሩቅ ዘመድ ዕቃ የተላከልኝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። በቀረው ጊዜ ከዚያች ዶንግል ጋር ስንሰዳደብ ነው የኖርነው፤ ስድቡ የእኔ፣ ዝምታው የእሷ።

ቅዳሜ ሲመጣ በተራራው መንገድ ቡታጅራ ወላጆቼ ጋ እሄዳለሁ። መንገዱ ከላይ ጉም፣ ከታች አቧራ ነው። ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ እናቴ ትኩስ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ታቀርብልኛለች። የሳምንቱ ትልቁ ደስታዬ እሱ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ማንም «ቲቸር» ሳይለኝ፣ ዝም ብዬ መብላት። ግን ያ ቤት ለመጫወት የሚመች ቤት አልነበረም። የታናሽ እህቴ ስም በአባቴ ፊት አይነሳም። እናቴ የምትጠይቀኝ ጓሮ ወስዳ ነው።

እህቴ አረብ አገር ነበረች። የሄደችው ተደብቃ ነው። አባቴን «አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ሥራ አግኝቻለሁ» ብላ ቸኩላ ወጣች፤ ደላላው መናኸሪያ ይጠብቃት ነበር። ብዙም ሳትቆይ ከባሕር ማዶ ደወለች። አባቴ ስልኩን አልተቀበለም። እኛ ቤት ልጅ ለትምህርትም ይሁን ለትዳር ከቤት ሲወጣ አባት ፊት ጎንበስ ይላል፤ አባት ይመርቃል፤ ቤተሰቡ አሜን ይላል፤ ከዚያ ይኬዳል። እሷ ይህን ዘላ ነው የሄደችው። አባቴን ከጉዞው በላይ ያሳመመው ይኸው ነበር። «ሳትነግረኝ የሄደች ልጅ የእኔን ምርቃት ምን ታደርግላታለች?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን አልጠራም።

እሷም የደረሰባትን መከራ ሁሉ በዚህ ታሳብባለች። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቿ ደመወዟን ከለከሏት። ሁለተኛዎቹ ፓስፖርቷን ቆልፈው ያዙባት። ወገቧን አሟት ተኝታ ከረመች። «እትዬ፣ ሳልመረቅ ወጥቼ ነው እኮ» ትለኛለች እያለቀሰች። እኔ የተማርኩ ነኝና መጀመሪያ አካባቢ አስተምራት ነበር፤ የአሠሪ ክፋትና የአባት ምርቃት አይገናኝም እላታለሁ። በኋላ ተውኩት። ሰው አገር ብቻዋን ለተኛች ልጅ የመምህር ማብራሪያ ምን ያደርግላታል?

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የቡታጅራን ግማሽ ሕዝብ ሱሪ ሰፍቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ ክረምት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰነፈ። ምላሱም ከበደ፤ የመርፌ ሥራው ቀርቶ መርፌ ብሎ መጥራት ያደክመው ጀመር። የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ ጣልንበት። አንድ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳላስበው፣ «ልጅቷ አሁን ምን ትመስላለች?» አለኝ።

የትኛዋ ልጅ ብዬ አልጠየቅኩም። «ልደውልልህ አባዬ? አሁኑኑ ልደውልልህ» አልኩት።

«ስልክ ምን ያደርግልኛል? የምመርቃትን ልጅ ፊቷን ማየት አለብኝ። የስልክ እጀታ ልመርቅ?»

እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ስሄድ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ። አባቴ ምላሱ ሳይዘጋ የእህቴን ፊት ማየት ነበረበት። እሷ መምጣት አትችልም፣ እሱ መሄድ አይችልም። የቀረን ኢንተርኔት ነው።

ኢንተርኔት ቤት ልንወስደው አሰብን። ከተማው መሃል ያለው ፎቅ ላይ ነው። ወንድሞቼ ተሸክመውት ሊወጡ ተነሱ። አባቴ ግን «ሱሪ የሰፋሁላቸው ሰዎች እያዩኝ እንደ ጆንያ ልወጣ ነው?» ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ነው። እዚያ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጆሮ ማዳመጫው አንዱ ጆሮ አይሠራም፣ አጠገብህ ያለው ጎረምሳ ኳስ እያየ ይጮሃል፣ የምትነጋገረውን ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይሰማልሃል።

ቴሌ ሄጄ የቤት መስመር ጠየቅኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሳይል «የሠፈራችሁ የመስመር ሳጥን ሞልቷል» አለኝ።

«ታዲያ መቼ ክፍት ቦታ ይገኛል? የሆነ ሰው እስኪሞት ልጠብቅ?»

አልሳቀም። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የልማት ፖስተር በኩል እጁን ዘርግቶ «ማስፋፊያ ላይ ነን» አለኝ። ፖስተሩ ላይ የምትስቅ ገበሬ ስልክ ይዛ ትታያለች። ለእሷ መስመር ማን እንደሰጣት መጠየቅ አምሮኝ ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለነበር ወጣሁ።

ስለዚህ ያቺው ዶንግል ቀረች። ላፕቶፑን ታቅፌ ቤቱን ከጓዳ እስከ በረንዳ ዞርኩት። ሳሎን ውስጥ መስመር የለም። መኝታ ቤት የለም። እናቴ ከኋላዬ እየተከተለች «እዚህስ? እዚህስ?» ትለኛለች። መጨረሻ ላይ አባቴ ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ዶንግሏ በረጅም ገመድ በመስኮት ወጥታ ስትንጠለጠል፣ ሰማያዊ ሆነች። እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ኔትወርክ ነው ስንላቸው ሰዎቹ በእውነት ደስ አላቸው፤ ያን ጊዜ ያስደስት ነበር።

አንድ ረቡዕ ሞከርነው። እመቤቷ ገበያ የምትሄድበት ሰዓት ስለነበር እህቴ ነፃ ነበረች። ምስሏ መጣ፤ ትንሽ ተቆራረጠ እንጂ ፊቷ ፊት ነበር። እናቴ አየቻት። አባቴን ልጠራው ሮጥኩ። በሩ ጋ ተቀምጧል፤ ድምጿን ሰምቷል። «ና አባዬ፣ አሁን መስመሩ ጥሩ ነው፣ አሁኑኑ መርቃት» አልኩት።

«ዛሬ አይሆንም። በመስቀል ነው የምመርቃት» አለኝ።

ለመንኩት። መስመሩ ነገ ላይኖር ይችላል አልኩት። አባቴ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ «ልጆቼን ሁሉ በመስቀል ነው የምመርቀው። ቤተሰብ ሲሰበሰብ። ተደብቃ ወጣች፤ ተደብቃ አትመረቅም» አለ። ይህን ካለ በኋላ ማን ይከራከረዋል? እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ደመራ መለኮስ ከተውን ቆይተናል። መስቀልን ግን አልተውንም። ጉራጌ ሆኖ በመስቀል ወላጁ ቤት የማይገባ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። እህቴም ስነግራት በደስታ አለቀሰች። ከሁሉም ጋር፣ በበዓሉ ቀን፣ እንደ ልጅ ልትመረቅ ነው።

ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ያላሰበው ነገር ነበር። በመስቀል አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ የቤት መኪናው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ከመስቃን ገጠር እስከ ከተማው ድረስ ባዶ የከረመ ቤት ሁሉ ይሞላል፤ የገባው ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ስልክ የያዘው ሁሉ «ደርሰናል፣ እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። ዓመት ሙሉ እኛኑ መሸከም ያቃተው መስመር ያን ቀን ያን ሁሉ ሰው ይሸከማል ብለን ተቀመጥን። ሌላ አገር ሰው ቢሆን በዓላችንን አይቶ ያስብ ነበር። ለእኛ ግን መስቀል ሁሉም የሚገናኝበት ቀን ነው፤ መለያየት ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በበዓሉ ጠዋት አባቴ ጤነኛ ሳለ ለራሱ የሰፋውን ሱፍ ለበሰ። ወንድሞቼ ደግፈው ጠረጴዛው ፊት አስቀመጡት። ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። የአባቴ ጓደኛ፣ በርበሬ የሚነግዱት ሐጂም «አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ገብተው ጥግ ይዘዋል። እኔ እደውላለሁ፣ አይገባም። ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይጠፋል። የአክስቴ ልጆች በየስልካቸው እየሞከሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የዛሬው ኔትወርክ አይሰማም ባክሽ» ይለኛል አንደኛው፤ እሱ ራሱ ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። ሁላችሁም ስልካችሁን ዝጉ ብዬ ጮህኩባቸው። እነሱ ዘጉ፤ ከተማው ግን አልዘጋም።

ከዚያ በድንገት መብራቷ ሰማያዊ ሆነች። እህቴ መጣች። የአሠሪዎቿ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነው፤ ከኋላዋ ነጭ ሴራሚክ ይታያል። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች። አባቴ ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መስታወት አስጠጋ። ለረጅም ጊዜ አያት። እንዲያ ሰው ሲያይ አይቼው አላውቅም።

«ጠቁረሻል» አላት።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ። ሻሿን አስተካክላ ለመመረቅ ራሷን ዝቅ አደረገች። በዚያች ቅጽበት ምስሉ ደረቀ። መስኮቱ ጋ ያለችውን መብራት አየሁ፤ ቀይ ነች።

ሲመረቅ አይንቀሳቀስም። እኛ ልጆች ሳለን በምርቃት መሃል የተቁነጠነጠ ይቆነጠጥ ነበር። ለአባቴ ራሷን ዝቅ አድርጋ ንቅንቅ የማትል ልጅ ማለት በደንብ ያደገች ልጅ ማለት ናት። ደህናውን እጁን አንሥቶ ጀመረ።

ላስቆመው ስነሳ እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። የጀመረ ምርቃት አይቋረጥም። እንዲያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መስመሩ እንደሄደ ገብቶታል፣ ከአባቴ በቀር። የእህቴ አሜን አለመሰማቱን እንዳያውቅ ሁላችንም ጮክ ብለን አሜን እንል ጀመር። አባቴ አንድ ነገር ይላል፤ እኛ ቤቱን እናናጋዋለን። ሐጂም ከጥጉ «አሚን!» ይላሉ። አባቴ በጉራጊኛ ነበር የሚመርቀው፤ በከበደ ምላሱ፣ እየዋጠ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየጀመረ። ማናችንንም እንዲያ ረጅም አድርጎ መርቆ አያውቅም። እኔ ዓይኔን ከመብራቷ ላይ አልነቀልኩም። ሰማያዊ ብትሆን መጨረሻውን እንኳ ትሰማለች እያልኩ መብራቷን እለምናለሁ። አልሆነችም። አባቴ ሲጨርስ ቸርች ውስጥ ተዉ ቢባልም ያልተወውን «እንትፍ፣ እንትፍ» አለባት፤ ምራቁ መስታወቱ ላይ አረፈ።

«አየሽ አይደል?» አላት እናቴን። «ንቅንቅ አላለችም። አድጋለች።»

ያን ቀን ክትፎውን በራሱ እጅ በላ። ጨምሩልኝም አለ። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ ለእሱ ሲል ነው የሚስቀው።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ መልእክት ገባ። «ተቆረጠ። መረቀኝ?» ይላል። «መርቆሻል፤ መስመር ግን አልነበረም» ብዬ ጻፍኩላት። «እንደገና ይበልልኝ እትዬ፣ በእናትሽ» አለች።

ለእናቴ ነገርኳት። የእጇን ጅማት እያሻሸች «ባዶ ነው የመረቅከው ልትይው ነው? እንዲህ ደስ ብሎት?» አለችኝ። እውነቱን መንገር አልተቻለም። ብልሃት ሞከርን። ለገና አንድ ጊዜ ድገምላት አልነው። «ምርቃት ወጥ ነው እንዴ የሚጨመረው? መርቄያታለሁ፤ ጨርሻለሁ» አለን። በጣም ረክቶ ነበር። ስሟን ሳይቀር መጥራት ጀምሮ ነበር።

የገና በዓል ሳይደርስ፣ ስትሮኩ ተመልሶ መጣና ምላሱን ጨርሶ ወሰደው። በጋውን በዓይኑ ብቻ እያናገረን ከረመ፤ በልግ ሲገባ ሞተ። እህቴ ፓስፖርቷን ስላላገኘች አልመጣችም። ቀብሩን በስልክ ነገርናት። ያን ቀን መስመሩ ጥርት ብሎ ሠራ፤ ስትጮህ አንድም ቃል አልተቆረጠም። ያቺን ዶንግል ወስጄ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳት። ምንም አላቀለለኝም።

ማስፋፊያው በኋላ መጣ። ከከተማው በላይ ሌላ ታወር ተተከለ፤ ባጃጅ ነጂው ተራ እየጠበቀ ከአረብ አገር እጮኛው ጋር በቪዲዮ ይሳሳቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አይለኝም። እንዲህ ጥርት ያለ ፊት በየሰው መዳፍ ላይ ባየሁ ቁጥር ተናድጄ ፊቴን አዞራለሁ።

እህቴም መጣች። ፓስፖርቷን አስለቅቃ፣ ቀጥና፣ አንገቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ይዛ ገባች። ለቅሶው እንደ አዲስ ተለቀሰ። ዘመድ ሲበታተን እናቴ፣ እሷና እኔ አባቴ ጨርቅ ይቆርጥበት የነበረው ክፍል ውስጥ ቀረን።

«ምን ብሎ መረቀኝ?» አለች።

«ጌታ ይባርክሽ አለሽ» አለች እናቴ።

«እሱን ለሁሉም ይላል እማዬ። ለእኔ ምን አለ?»

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ከዚያ «እኔ ያንቺን ምስል ነበር የማየው። ይንቀሳቀስ እንደሆን ብዬ» አለቻት። «ስለ ጥላ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። ስለ ጥላ ይሁን ስለ ውኃ...»

በቀጣዮቹ ቀናት እህቴ ያን ዕለት የነበሩትን ሁሉ እየዞረች ጠየቀች። ወንድሞቼን፣ አዲስ አበባ ደውላ የአክስቴን ልጆች፣ ሐጂን ሳይቀር። ሁሉም ጥሩ ምርቃት እንደነበር ያስታውሳሉ። ረጅም እንደነበር ያስታውሳሉ። ጮክ ብለው አሜን እንዳሉ ያስታውሳሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር የያዘ ሰው አልተገኘም።

መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጣች። በረንዳው ላይ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። «እትዬ፣ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። የምታስታውሽውን ያህል በይልኝ» አለችኝና ፊቴ ተንበርክካ ራሷን ዝቅ አደረገች። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። የአባቴን ድምፅ ፈለግኩት፤ የሚመጣልኝ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለች ቀይ መብራት ብቻ ነበረች። እህቴ ንቅንቅ ሳትል ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ እኔ አንድም ነገር ሳልል «አሜን» አለች።